ሙሉ በሙሉ የታደሰ የአሜሪካ መስል ካር አሸጣጥ፦ ከታይትል ምርመራ እስከ ቁልፍ ርክክብ

"መኪናውን አድሼ ጨርሻለሁ። አሁን እንዴት ልሽጠው?" ይሄ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ወንድሞች ናቸው። ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ ለዓመታት ቅዳሜና እሑዳቸውን ላሜራ ሲያቀኑ ያሳለፉ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከመመለስ ሁሉንም በአንድ ላይ ጻፍኩት።

መስል ካር የምንለው ትልቅ ሞተር ያለውን የድሮ የአሜሪካ መኪና ነው። በምሳሌነት የምጠቀመው የ1969 ሼቭሮሌት ሼቬል ኤስኤስ 396 ነው (ኤስኤስ ሱፐር ስፖርት ማለት ነው፣ 396 የሞተሩ መጠን)። በደንብ የማውቀው እሱን ነው፤ ብዙዎቹም እዚሁ ባልቲሞር፣ ብሮኒንግ ሀይዌይ ላይ በነበረው የጄኔራል ሞተርስ (ጂኤም፣ ሼቭሮሌትን የሚሠራው ድርጅት) ፋብሪካ ተሠርተዋል። ካማሮ፣ ማስታንግ፣ ቻሌንጀር ወይም ጂቲኦ ላላችሁም ሂደቱ አንድ ነው። የሚለያዩበትን ቦታ እየጠቆምኩ እሄዳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። የታደሰ መኪና ማለት ሁሉ ነገሩ በአዲስ ቀለም የተሸፈነ መኪና ማለት ነው። ገዢው ቀለሙን ሲያይ ይደሰታል፤ ወዲያው ደግሞ ከሥሩ ምን እንዳለ ይጠረጥራል። ዋጋ የሚቀንሰው ያ ጥርጣሬ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ የተሸፈነውን ለመግለጥ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በስማችሁ የወጣ ታይትል (የመኪናው የባለቤትነት ወረቀት)። ዕዳ ከነበረበት ባንኩ ዕዳው ማለቁን የጻፈበት ወረቀት አብሮ ይያዝ።
- የዕቃ፣ የሞተርና የቀለም ደረሰኞች በሙሉ። የደበዘዙትም አይጣሉ።
- በእድሳቱ ወቅት የተነሱ ፎቶዎች። ዝገቱ የሚታይባቸው በተለይ።
- ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክና ማቆሚያ።
- ሊፍት፤ ካልሆነም ጠንካራ የመኪና መደገፊያ አራት ፍሬ።
- የቀለም ውፍረት መለኪያ። ተከራዩ ወይም ከባልንጀራ ተዋሱ።
- የባትሪ ቻርጀር፣ የጎማ አየር መለኪያ፣ የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት።
- ወፍራም ክላሰርና የፕላስቲክ ማስገቢያዎች።
- የሽያጭ ውል፣ ሁለት ኮፒ።
- የጸና ኢንሹራንስ። መኪናው እስኪሄድ ድረስ አይቋረጥም።

ለዝግጅቱ ብቻ ሦስት ሳምንት መድቡ። በችኮላ የተሸጠ መኪና ያስቆጫል።

ደረጃ 1፦ ታይትሉንና የመኪናውን ቁጥር አስተያዩ

ታይትል እንደ አገር ቤት ሊብሬ ነው፤ የባለቤትነት ማስረጃው እሱ ነው። አውጡትና እያንዳንዱን ፊደልና አሃዝ ከመኪናው የቪን ሳህን ጋር አስተያዩ፤ ቪን የመኪናው መለያ ቁጥር ነው። ከ1968 ጀምሮ ሳህኗ በሾፌሩ በኩል ዳሽቦርዱ ላይ፣ በፊት መስታወት በኩል ትታያለች።

ከ1981 በፊት የተሠሩ መኪኖች ዛሬ የምናውቀው ባለ 17 አሃዝ ቁጥር የላቸውም። የጂኤም 13፣ የፎርድ ደግሞ 11 ነው። ቁጥሩ አጭርና ያልተለመደ ስለሆነ ድሮ ታይትል ሲጻፍ አንድ ፊደል የተሳሳተበት ሰው አጋጥሞኛል። ስህተቱ ሃያ ዓመት ማንም ሳያየው ሊቀመጥ ይችላል። ገዢው በሌላ ስቴት ሊያስመዘግብ ሲሄድ ግን ይወጣል፤ ሽያጩም ይፈርሳል። ስህተት ካገኛችሁ ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት ዲኤምቪ ወይም ኤምቪኤ (የስቴቱ የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት) ሄዳችሁ አሳርሙ።

ታይትሉ አሁንም በድሮው ባለቤት ስም ከሆነ መጀመሪያ ወደ ስማችሁ አዙሩት። የሌላ ሰው ፊርማ ያለበትን ታይትል ለሦስተኛ ሰው ማስተላለፍ ክልክል ነው፤ ጠንቃቃ ገዢም አይቀበለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ የቪን ሳህን ነቅሎ ከሌላ መኪና ላይ መለጠፍ ወይም ቁጥሩን መለወጥ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። እስከ 5 ዓመት እስር ያስከትላል። የ1969 ሼቬል ሳህን የተያዘው ስድስት ቅጠል ያለው አበባ በሚመስሉ ሪቬቶች ነው። ገዢው በእጅ ባትሪ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው። መኪናውን ስትገዙት ተራ ሪቬት ከነበረበት ምክንያቱን ሳታጣሩ ለሽያጭ አታቅርቡት።

ደረጃ 2፦ የያዛችሁት መኪና በትክክል ምን እንደሆነ አረጋግጡ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። ሁለት ሼቬሎች ጎን ለጎን ቆመው፣ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ጥቁር መስመር ያላቸው፣ ሁለቱም "ኤስኤስ 396" የሚል ምልክት ያለባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ከፋብሪካ እንደዚያ የወጣ ነው። ሌላው ተራ ማሊቡ (ኤስኤስ ያልሆነ ሼቬል) ሆኖ ኋላ የኤስኤስ ምልክት የለበሰ ነው። የዋጋቸው ልዩነት በጣም ሰፊ ነው።

የኛ ምሳሌ ቁጥሩ የሚጀምረው 136379B ብሎ ነው እንበል። 1 ሼቭሮሌት ማለት ነው። 36 ባለ ስምንት ሲሊንደር ማሊቡ፣ 37 ባለ ሁለት በር ስፖርት ኩፕ። 9 ዓመቱ 1969፣ ቢ ደግሞ ባልቲሞር። ከዚያ ተራ ቁጥሩ ይከተላል። ኤስኤስ የሚል ነገር ግን የለም። ከ1966 እስከ 1968 ኤስኤስ የራሱ ቁጥር፣ 138፣ ነበረው። በ1969 ግን ዜድ25 በሚባል ኮድ የሚታዘዝ ተጨማሪ ፓኬጅ ሆነ። ስለዚህ የ1969 መኪና ኤስኤስ መሆኑን በቪን ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ፦

ሀ) የፋብሪካ ትዕዛዝ ወረቀት። ቢልድ ሺት ይሉታል። ሠራተኞቹ መኪናውን ሲገጣጥሙ የሚያነቡት ወረቀት ነበር። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሳልባትዮው ላይ ወይም ከወንበር ሽቦዎች መሃል ነው። እድሳቱን ስትጀምሩ አግኝታችሁት ከሆነ ከወርቅ ይበልጣል። ላሚኔት አታድርጉት፤ ፕላስቲክ ማስገቢያ ውስጥ ብቻ አስቀምጡት።

ለ) ፕሮቴክት ኦ ፕሌት። ጂኤም በዚያ ዘመን ለዋስትና የሚሰጣት ትንሽ የብረት ሳህን ናት። የሞተሩ፣ የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ኮድ ተቀርጾባታል።

ሐ) በሞተሩ ላይ ያለው ማህተም። ከፊት፣ በተሳፋሪው በኩል፣ ከቴስታታው ፊት ለፊት ጠፍጣፋ ቦታ አለ። ቅባቱን በጨርቅና በፈሳሽ ብቻ አጽዱት። ብሩሽ ሽቦ፣ የአሸዋ ወረቀት፣ መፍጫ አይነካም። ሁለት ጽሑፍ ታገኛላችሁ። አንዱ ሞተሩ የተገጣጠመበት ፋብሪካ፣ ቀንና ዓይነት ነው። ቲ0312 ብሎ ከጀመረ ኒው ዮርክ ቶናዋንዳ፣ መጋቢት ማለትም ማርች 12 ማለት ነው። ሌላው የመኪናው ቪን አጭር ቅጂ ነው፤ በኛ ምሳሌ 19ቢ ብሎ ጀምሮ ስድስት አሃዝ ይከተላል። ይሄ ከዳሽቦርዱ ቁጥር ጋር ከገጠመ ሰዎች "ማቺንግ ነምበርስ" የሚሉት እሱ ነው። ካምቢዮውም ላይ ተመሳሳይ ማህተም ይፈለጋል።

ብሩሽ አትንኩ ያልኩት ለምን መሰላችሁ? ፋብሪካው ያንን ቦታ ሲላግ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ትቶ ነበር። አዋቂ ገዢ ቁጥሩን ብቻ አያይም፤ መስመሮቹን ይፈልጋል። መስመሮቹ ከጠፉ ቁጥሩ ኋላ የተመታ ነው ብሎ ይጠረጥራል። እውነተኛ ሞተር ይዛችሁ በአንድ ደቂቃ ጽዳት ማስረጃውን ልታጠፉት ትችላላችሁ።

መ) የቀን ስሌት። በብሎኩ ላይ በቀለጠ ብረት የወጣ ቀን አለ። ሲ 4 9 ከሆነ ማርች 4፣ 1969 ነው። ሲ ሦስተኛው ፊደል፣ ማርችም ሦስተኛው ወር። የቦዲው ቀን ደግሞ ኮፈን ስትከፍቱ ከሞተሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በተለጠፈችው ሳህን ላይ ነው፤ 04ቢ ካለ ኤፕሪል ሁለተኛ ሳምንት። ብሎኩ ከቀለጠበት ቀን በኋላ ሞተሩ መገጣጠም፣ ከዚያ ቦዲው መሠራት አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሞተሩ የዚያ መኪና አይደለም።

የሌላ ድርጅት መኪና ለያዛችሁ ነገሩ ይቀልላል። ፎርድና ክራይስለር የሞተሩን ኮድ ቪን ውስጥ አስገብተውታል፤ አምስተኛው ምልክት ነው። በ1970 ዶጅ ወይም ፕሊመዝ ላይ አር ካለ 426 ሄሚ፣ ቪ ካለ 440 ባለ ሦስት ካርቡራተር ነው። በ1969 ማስታንግ አር ማለት 428 ኮብራ ጄት ባለ ራም ኤር ነው። ፖንቲያክ ጂቲኦ ከ1966 እስከ 1971 ቁጥሩ በ242 ይጀምራል። ከ1967 ጀምሮ ላሉት ፎርዶች ማርቲ ሪፖርት፣ ለፖንቲያክ ደግሞ ፒኤችኤስ የሚባሉ አገልግሎቶች ከፋብሪካ መዝገብ ማስረጃ አውጥተው ይሸጣሉ። እዘዙ። ለአሜሪካ ሼቭሮሌት እንዲህ ያለ የተሟላ መዝገብ ስለሌለ ነው ወረቀትና ማህተም ላይ ይሄን ያህል የምደክመው።

ማስረጃ ካጣችሁስ? መኪናው "ትሪቢዩት" ወይም "ክሎን" ተብሎ ይሸጣል። ይሄ አያሳፍርም፤ በደንብ የተሠራ ክሎን የሚፈልግ ብዙ ገዢ አለ። በፍርድ ቤት የሚያስጠይቀው ማሊቡውን ኤስኤስ ነው ብሎ መሸጥ ነው። "እኔም ስገዛው እንደዚያ ብለውኝ ነው" የሚለው መልስ አያድንም።

ደረጃ 3፦ የመኪናውን ፋይል አዘጋጁ

ክላሰሩን በአራት ክፈሉት፦ የማንነት ማስረጃዎች፣ ደረሰኞች፣ የሥራው ፎቶዎች፣ ከእድሳቱ በኋላ የተደረገ ጥገና። ደረሰኞቹን በቀን ደርድሩ።

ከሁሉም በላይ ገዢን የሚያሳምነው መኪናው ተራቁቶ የተነሳው ፎቶ ነው። በሼቬል ዝገት የሚወዳቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፦ ከኋላ ጎማ ጀርባ ያለው የጎን ላሜራ፣ የኋላ መስታወት ዙሪያ፣ የዕቃ መጫኛው ወለል፣ የፊት ፓራፋንጎ ታችኛው ጫፍ፣ ቦዲውን ከሻንሲው የሚያያይዙት ቦታዎች። እነዚህ ላይ የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ሲበየድ የሚያሳይ ፎቶ ካላችሁ ትልቅ አድርጋችሁ አሳትሙ። ዝገቱን ማሳየት ዋጋ የሚቀንስ የሚመስላቸው አሉ። ተቃራኒው ነው። ፎቶ ከሌለ ገዢው ስቱኮ ተለጥፎበታል ብሎ ያስባል።

በቀለም መለኪያውም እያንዳንዱን ክፍል ለኩና ጻፉት። አንድ በር 8 ሚልስ (ሚል የኢንች አንድ ሺኛ ነው)፣ የኋላ ጎኑ 30 ካሳየ እዚያ ቦታ ስቱኮ አለ። ገዢው ለክቶ ሳያገኘው እናንተ ንገሩት።

ደረጃ 4፦ መኪናውን ንዱት

ከእድሳት የወጣ መኪና ችግሩ የሚታየው ሲነዳ ነው። ቢያንስ 300 ማይል ሳትነዱት አትሽጡት። ምክንያቱም ገዢው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያገኘውን ችግር እናንተ ቀድማችሁ ማግኘት አለባችሁ።

አዲስ በታደሱ መኪኖች ላይ ደጋግሜ የማየውን ልንገራችሁ። መብራቱ ይደበዝዛል፣ ፍሬቻው ይዘገያል፣ የነዳጅ ጌጁ ይዋሻል። ሰው ሽቦ መቀየር ይጀምራል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ነው። አዲስ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ የመሬት ሽቦው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለም ካለ መስመሩ አይዘጋም። ቡሎኑን ፈትታችሁ ሥሩን እስከ ብረቱ ቧጥጡና መልሳችሁ እሠሩ።

ሌሎቹን በአጭሩ፦

- ጎማ፦ ጎኑ ላይ DOT (ዶት) ብሎ ከሚጀምረው ኮድ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። 2319 ማለት በ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ዕድሜው ከገፋ ጎማ አደገኛ ነው፤ ቀይሩት ወይም ዕድሜውን በማስታወቂያው ጻፉ።
- ዘይት፦ የድሮው ዓይነት ካምሻፍት ያለው ሞተር ዚንክ የበዛበት ዘይት ይፈልጋል። የዛሬ መኪና ዘይት ካምሻፍቱን ሊያስበላው ይችላል። ምን ዘይት እንዳለበት ጻፉ።
- ነዳጅ፦ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ወራት ከቆየ ካርቡራተሩን ያቆሽሻል። ቅዱትና ትኩስ ሙሉበት።
- ሙቀት፦ ሞቃት ቀን ላይ በትራፊክ መሃል ሃያ ደቂቃ አቁሙት። ጌጁ ከወጣ አስተካክሉ።
- ትናንሽ ነገሮች፦ ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ ጡሩምባ፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ የውስጥ መብራት። ገዢ ሁሉንም ይነካካል። አንዱ ካልሠራ "ሌላስ ምን አለ?" ይላል።

ደረጃ 5፦ ፎቶና ቪዲዮ

መቶ ፎቶ አይበዛም። ደመናማ ቀን ወይም ማለዳ ምረጡ፤ የቀትር ፀሐይ ቀለሙ ላይ ያለውን ሁሉ ይደብቃል። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ፣ ካሜራውን በባውዛው ቁመት ያዙ።

ከውጭ ዙሪያውን፣ ከዚያ ውስጡን፣ ሞተሩን፣ የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ አንስታችሁ ወለሉን። ከዚያ ሊፍት ላይ ሰቅላችሁ ሆዱን በሙሉ። ከሥር የተነሱ ፎቶዎች የሌሉት ማስታወቂያ ሩቅ ያለ ገዢን አያመጣም። ጭረት ካለ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጣችሁ አንሱት፤ መጠኑን ያሳያል።

ሦስት ቪዲዮ ያስፈልጋል። አንደኛው ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በቀዝቃዛው ሲነሳ፤ ከጭስ ማውጫው ጭምር ይታይ። ሁለተኛው ዙሪያውን ሳይቆራረጥ። ሦስተኛው ሲነዳ፣ ጌጆቹ እየታዩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የታይትሉን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አታውጡ። ቤታችሁና የቤት ቁጥሩ ከኋላ አይታይ። ፎቶው የተነሳበትን ቦታ የሚመዘግበውን የስልኩን ቅንብር አጥፉ። እንዲህ ያለ መኪና የት እንደሚያድር ሌባም ይፈልገዋል።

ደረጃ 6፦ ዋጋ መቁረጥ

እዚህ ጋ ልብ ይሰበራል። ያወጣችሁት ገንዘብ የመኪናው ዋጋ አይደለም። ለቀለም፣ ለሞተር፣ ለክሮም የከፈላችሁትን ደምራችሁ የራሳችሁን ድካም ስትጨምሩበት ከገበያው በላይ የሚወጣ ቁጥር ነው የምታገኙት። ገዢ ደግሞ የሚያወዳድረው ከሌላ ሼቬል ጋር ነው።

ሃገርቲ የተባለው የክላሲክ መኪና ኢንሹራንስ ድርጅት የዋጋ ማውጫ አለው፤ መኪናዎችን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይከፍላል። 1 ማለት ለውድድር የሚቀርብ፣ ከአዲስ የሚበልጥ ነው። ብዙ ሰው መኪናውን 1 ያደርገዋል። እውነቱን ለመናገር በቤት ጋራዥ ውስጥ ታድሶ የሚነዳ መኪና 2 ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ ብዙው 3 ላይ ያርፋል። የማያዳላ አዋቂ ጠርታችሁ ደረጃ ይስጠው።

ከዚያ የተሸጡበትን ዋጋ ፈልጉ። ማስታወቂያ ላይ የተጠየቀ ዋጋ ምኞት ነው። የምታወዳድሩት ተመሳሳዩን ይሁን። የ1969 ኤስኤስ 396 ሞተሩ በ325፣ በ350 እና በ375 የፈረስ ጉልበት ይመጣ ነበር፤ የሦስቱ ዋጋ አንድ አይደለም። ባለ አራት ማርሽ በእጅ የሚገባውና አውቶማቲኩም ይለያያሉ። ቀለሙ ከፋብሪካው ቀለም የተለየ ከሆነም ዋጋ ይቀንሳል።

ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ የምትጠይቁትና ከዚያ በታች የማትወርዱት። ሁለተኛውን ለማንም አትንገሩ።

ደረጃ 7፦ የት ትሸጣላችሁ?

በራሳችሁ ከሸጣችሁ ኮሚሽን አትከፍሉም፤ ስልክና ቀጠሮው ግን የእናንተ ነው። ሄሚንግስ (የክላሲክ መኪና ማስታወቂያ መጽሔትና ድረ ገጽ) ላይ የሚመጣው ገዢ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ፔንሲልቬንያ ካርላይል በፀደይና በመከር የሚደረገው ትልቅ የመኪና ገበያ ከዋሽንግተን ሁለት ሰዓት ያህል ነው። መኪናውን አቁማችሁ ከሰው ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ለምትወዱ ይመቻል።

ብሪንግ ኤ ትሬለር የኢንተርኔት ጨረታ ነው። ለጣቢያው 5 በመቶ የሚከፍለው ገዢው ነው። በጨረታው ቀናት ሰዎች ከባድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ደረጃ 2ን በደንብ የሠራ ሰው እዚያ ይጠቀማል። በየጥያቄው ሥር ቶሎና በጨዋነት መልሱ። ዝም ያለ ሻጭ ይጠረጠራል።

የአዳራሽ ጨረታም አለ። ሚከም በጃንዋሪ ኪሲሚ ፍሎሪዳ፣ በሜይ ኢንዲያናፖሊስ ያካሂዳል። ባሬት ጃክሰን በጃንዋሪ ስኮትስዴል አሪዞና ነው። እዚያ የምትፈርሙትን ውል መስመር በመስመር አንብቡ። በተለይ ዝቅተኛ ዋጋ፣ ሪዘርቭ የሚሉት፣ መኖር አለመኖሩን። ባሬት ጃክሰን ላይ አብዛኛው መኪና ያለ ሪዘርቭ ነው የሚሸጠው። የሚፎካከሩ ሁለት ሰዎች በዚያች ደቂቃ አዳራሹ ውስጥ ከሌሉ መኪናው ባገኘው ዋጋ ይሄዳል፤ መመለስ የለም።

"አዲስ አበባ ብልከውስ?" የሚሉኝም አሉ። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ በዚህ ሐሳብ ጊዜ አታባክኑ።

ደረጃ 8፦ ማስታወቂያውን ጻፉ

መጀመሪያ ዓመት፣ ሞዴል፣ ሞተር፣ ካምቢዮ። ቀጥሎ ማስረጃው ምን እንደሆነ። ቀጥሎ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳደሰ። ቀጥሎ ከፋብሪካው የተለየው ሁሉ። መጨረሻ ላይ እንከኖቹ። እንከኑን ጻፉ፤ ሩቅ አገር በርሮ የመጣ ሰው ያልተነገረውን ጭረት ሲያገኝ የተነገረውንም አያምንም።

በቃላት ተጠንቀቁ። እንደገና የተቀባን ቀለም "ኦሪጅናል" አትበሉ። "ፍሬም ኦፍ" የሚባለው ቦዲው ከሻንሲው ተለይቶ ሲታደስ ነው፤ ሼቬልና ጂቲኦ ላይ ይሠራል። ማስታንግና ቻሌንጀር የተለየ ሻንሲ ስለሌላቸው "ፍሬም ኦፍ" ብሎ የጻፈ ሻጭ መኪናውን እንደማያውቅ በአንድ ቃል ያሳያል። ማይሉንም እንዲሁ። ቆጣሪው አምስት አሃዝ ብቻ ስላለው ከ99,999 በኋላ ከዜሮ ይጀምራል። ማስረጃ ከሌላችሁ "ትክክለኛው ማይል አይታወቅም" በሉ።

ደረጃ 9፦ ገዢው ሲመጣ

ሞተሩን ቀድማችሁ አታሙቁት። አዋቂ ገዢ መጀመሪያ እጁን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል። ሙቅ ከሆነ ማለዳ የማይነሳ መኪና ነው ብሎ ያስባል። በቀን ብርሃን፣ ሌላ ሰው አብሯችሁ ሆኖ ተቀበሉት።

በራሱ ባለሙያ ማስመርመር ከፈለገ በደስታ ፍቀዱ፤ ወጪው የሱ ነው። መንዳት ከፈለገ የመንጃ ፈቃዱን ፎቶ አንሱ፣ ኢንሹራንሳችሁ ሌላ ሾፌር እንደሚሸፍን ቀድማችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ እናንተ ንዱ፣ እሱ ይቀመጥ። ከዚያ ተቀያየሩ። ብቻውን አይሂድ።

ማስጠንቀቂያ፦ መሪውን ከመስጠታችሁ በፊት ስለ ፍሬኑ ንገሩት። ድራም ፍሬን ያለው መኪና ለመቆም ረጅም ርቀት ይፈልጋል፤ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም የለውም። የዛሬ መኪና የለመደ ሰው ከፊቱ ካለው መኪና ጋር ተጠግቶ ይነዳል። ነዳጁን ድንገት ቢረግጥም የኋላው ይዞራል።

ደረጃ 10፦ ገንዘቡ

እስከዚህ በደንብ መጥቶ እዚህ የሚሸነፍ ሰው አለ። አንድ የማውቀው ሰው ካሺየርስ ቼክ (ባንክ ራሱ የሚጽፈው ቼክ) ተቀበለ፤ ባንኩ በማግሥቱ ገንዘቡን ሒሳቡ ላይ አሳየው። ቁልፉን ሰጠ። ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ባንኩ ገንዘቡን መልሶ ወሰደ። መኪናው የለም።

ልዩነቱን እወቁ። ሒሳባችሁ ላይ ገንዘብ መታየቱ ቼኩ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ባንክ በሕግ ገንዘቡን ቶሎ መልቀቅ አለበት፤ ቼኩ መመለሱ ግን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ፦

1. ከሁሉ የሚሻለው የባንክ ዋየር (ከባንክ ወደ ባንክ በቀጥታ የሚላክ ገንዘብ) ነው። ገዢው ይልካል። እናንተ በምታውቁት የባንካችሁ ቁጥር ደውላችሁ መግባቱን ታረጋግጣላችሁ። ገዢው በላከው ስልክ ቁጥር አትደውሉ።
2. ካሺየርስ ቼክ ከሆነ ከገዢው ጋር ባንኩ ቅርንጫፍ ግቡ፤ ሠራተኛዋ ቼኩን ስትጽፈው እያያችሁ ተቀበሉ።
3. ኤስክሮ (ገንዘቡን በመሃል ይዞ የሚያቆይ ድርጅት) ልጠቀም ካለ ድርጅቱን እናንተ ፈልጋችሁ አረጋግጡ። ገዢው በላከው ሊንክ አትግቡ፤ ሐሰተኛ የኤስክሮ ገጾች ብዙ ናቸው።
4. ከዋጋው በላይ ከፍሎ "ትርፉን ለጫኚው ላኩልኝ" የሚል ሁሉ አጭበርባሪ ነው። ወሬውን እዚያው አቁሙ።

ጥሬ ገንዘብ ከሆነ በደንብ ስሙኝ። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ባንክ ስታስገቡ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ይሄ የተለመደ አሠራር ነው፤ ጥፋት የለበትም። ጥፋት የሚሆነው ሪፖርቱን ለመሸሽ ዛሬ 9,000፣ ነገ 9,000 እያሉ ማስገባት ነው። ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም መከፋፈሉ ራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው። ከወገኖቻችን ብዙዎች ይሄን ሳያውቁ ያደርጉታል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስገቡ፣ የሽያጭ ውሉን ኮፒ ያዙ። ጋራዥ ኖሯችሁ እንደ ንግድ የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ እንዲህ ያለ ጥሬ ገንዘብ መቀበልን ለመንግሥት የሚያሳውቀውን ቅጽ 8300 በ15 ቀን ውስጥ መሙላት የእናንተ ግዴታ ነው።

ደረጃ 11፦ ወረቀትና ርክክብ

ገንዘቡ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ታይትሉን ፈርሙ። በእስክሪብቶ፣ ያለ ስርዝ ድልዝ። ማጥፊያ ቀለም የነካው ታይትል ዋጋ የለውም። ፔንሲልቬንያ፣ ኦሃዮና ኖርዝ ካሮላይና ፊርማው ኖታሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሕጋዊ ሰው) ፊት እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ታይትሉ የነዚያ ከሆነ ቀድማችሁ አትፈርሙ። የማይል መግለጫ ላይ እንዲህ ያረጀ መኪና በፌዴራል ሕግ ነፃ ነው፤ "ኤግዘምፕት" የሚለው ይመረጣል።

የሽያጭ ውሉ ላይ ቀን፣ ዋጋ፣ ቪን፣ የሁለታችሁ ስምና አድራሻ፣ "ባለበት ሁኔታ የተሸጠ፣ ዋስትና የሌለው" የሚል ቃል ይኑር። ይሄ ቃል የሚጠብቃችሁ እውነቱን ከተናገራችሁ ነው።

ታርጋውን ፍቱ። ቨርጂኒያ ላይ ለዲኤምቪ መሸጡን አሳውቁ። ሜሪላንድ ላይ ታርጋውን ለኤምቪኤ መልሱና ከዚያ በኋላ ኢንሹራንስ አቋርጡ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቅጣት ይመጣል።

ጫኚ የሚወስደው ከሆነ ከመጫኑ በፊት ከሹፌሩ ጋር ዙሪያውን እያያችሁ ፎቶ አንሱ፤ የጫኚው ወረቀት ላይ ያለው የሁኔታ መግለጫ ትክክል መሆኑን ሳታዩ አትፈርሙ። ገዢው ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ ጉምሩክ ዋናውን ታይትል መኪናው መርከብ ላይ ከመጫኑ ቢያንስ 72 ሰዓት በፊት ማየት አለበት። በፖስታ ስትልኩት መከታተያ ቁጥር ባለው ላኩ።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- ለሽያጭ ሲሉ በመጨረሻ ሰዓት ርካሽ ቀለም መደረብ። አዲስ ሽታ ያለው ቀለም ጥርጣሬ ይጠራል።
- የተነቀሉትን ኦሪጅናል ዕቃዎች መጣል። የድሮው ካርቡራተር፣ ዲስትሪቢዩተርና ቸርኬ በሳጥን ከመኪናው ጋር ቢሄዱ ዋጋ ይጨምራሉ።
- የሆድ ክፍሉን በጥቁር ሬንጅ መሸፈን። ዝገት መደበቂያ ይመስላል።
- መጀመሪያ ለደወለው በስልክ ዋጋ መቀነስ። መኪናውን ያላየ ሰው ጋር አትደራደሩ።
- ደረሰኞቹን ኮፒ ሳያስቀሩ ለገዢው መስጠት። መኪናው ከወጣበት በላይ ከተሸጠ ትርፉ ታክስ አለበት፤ ምን እንዳወጣችሁ የምታስረዱት በነዚያ ደረሰኞች ነው። ሙሉ ክላሰሩን ስካን አድርጋችሁ፣ ዋናውን ለገዢው ስጡ፣ ቅጂውን ለታክስ ሠራተኛችሁ አስቀምጡ።